ምዕራፍ ሰባት፦ አልዞር ያለ መኪና

ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የከረመ የጫማ ሰፊ ሲንጀር ወደ ብርሃን ሲወጣ መጀመሪያ የሚደረግለት ነገር አንድ ነው፤ መዘውሩን ጨብጦ መግፋት። መዘውሩ እምቢ ሲል ሁለተኛ ሰው ይጠራል። ቀጥሎ የቧንቧ ቁልፍ ይመጣል፤ ከዚያ መዶሻ። ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለ፣ ቆሞም ሌላ ሠላሳ ዓመት የታገሠ መኪና በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ይሰበራል። የሚያሳዝነው ደግሞ የሚሰበረው የተጣበቀው ክፍል አለመሆኑ ነው። የተጣበቀውማ እንደተጣበቀ ጉልበቱን ችሎ ይቆማል። የሚሰበረው በእጃችንና በእሱ መካከል ካሉት ክፍሎች ሁሉ ደካማው ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የመዘውሩ ጠርዝ ከመሃሉ 12 ሳንቲ ሜትር፣ የዘንጉ ጠርዝ ደግሞ ከመሃሉ 1 ሳንቲ ሜትር ይራቅ እንበል። በእጃችን 20 ኪሎ ብንገፋ ዘንጉ ጠርዝ ላይ የሚደርሰው 240 ኪሎ ነው። በመዘውሩ ላይ ብረት አስረን እጀታውን ካስረዘምነውማ ቁጥሩ ብዙ ይጨምራል። ያ ሁሉ ጉልበት በማያያዣዎቹ አልፎ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ከጥፍር ጫፍ የማይበልጥ የማርሽ ጥርስ ላይ ነው። የመኪናው አካል ደግሞ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት። ጊዛ በውስጡ የተበተኑ ስስ የግራፋይት ቅጠሎች ስላሉት ሲጫኑት የሚችለው ሸክም ሲስቡት ከሚችለው ሦስትና አራት እጥፍ ይበልጣል። አይጎብጥም፤ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ በኋላ መበየዱ ለሠለጠነ በያጅም ፈተና ነው።

የዚህ ምዕራፍ ምሳሌያችን 29ኬ የተባለው የጫማ ሰፊዎች ሲንጀር ነው። «ኬ» የምትለው ፊደል ኪልቦዊን ታመለክታለች። ኪልቦዊ ሲንጀር በስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1885 ከፍቶ በ1980 የዘጋው ግዙፍ ፋብሪካ ነው። ይህ መኪና ሆን ተብሎ ለጫማ ጥገና የተሠራ ነው። ክንዱ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ጫማ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ቆዳውን የሚጫነው እግር ራሱ እየተራመደ ቆዳውን ይስባል። እግሩን የተሸከመው ራስ ደግሞ ሙሉ ክብ ስለሚዞር ጫማውን ሳያገላብጡ ወደፈለጉት አቅጣጫ መስፋት ይቻላል። የላይኛው ክር ውስጡ ክፍት በሆነው የመርፌ ዘንግ መሃል በረጅም ቀጭን ሽቦ ተስቦ ይወርዳል። የታችኛውን ክር የያዘው መወርወሪያ የሚገኘው በቀጭኑ ክንድ ጫፍ ላይ ነው፤ የሚያንቀሳቅሱትም በክንዱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ባለጥርስ ዘንግና አንዲት ትንሽ ማርሽ ናቸው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናው የሚጣበቀው በእነዚሁ ድንቅ በሆነባቸው ቦታዎች ነው።

የሚይዘው ነገር ከሦስት አንዱ ነው፤ የደረቀ ዘይት፣ ዝገት ወይም እንቅፋት። የቱ እንደያዘው ሳያውቁ መታገል ከንቱ ነው፤ መፍትሔያቸው ለየቅል ነውና።

እንደ እኔ እምነት ከሦስቱ በአገራችን መኪናዎች ላይ የበረታው የደረቀ ዘይት ነው። የመኪና ዘይት ሲያልቅ ከጓዳ የምግብ ዘይት ይመጣል። ለዕለቱ መኪናው ሲለሰልስ ይሰማል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ ከሚገኙት የስብ አሲዶች ከግማሽ በላዩን የሚይዘው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ኦክሲጅን በቀላሉ የሚያጠቃቸው ሁለት ድርብ ትስስሮች አሉት። ዘይቱ ስስ ሆኖ ብረት ላይ ሲነጠፍ ከአየር ኦክሲጅን እየሳበ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ፈሳሽ የነበረው መጀመሪያ ሙጫ፣ በኋላም ጠንካራ ቆዳ ይሆናል። መጥበሻ ጠርዝ ላይ ቡናማ ሆኖ የሚቀረውና በሳሙና አልለቅ የሚለው ነገር የዚሁ ሥራ ውጤት ነው፤ እዚያ እሳት ያፋጥነዋል እንጂ። ሠዓሊዎች ለዘመናት ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የበጠበጡት በዚህ የመድረቅ ጠባዩ የተነሳ ነው፤ የኑግ ዘይትም ለቀለም ሥራ ውሏል። በኑግ የተቀባ ዘንግ ቫርኒሽ ተቀብቷል ማለት ነው። ለስፌት መኪና ተብሎ የሚሸጠው ጥርት ያለ ዘይት ከነዳጅ ዘይት የተጣራ ስለሆነ በዚህ ፍጥነት አይደርቅም፤ እሱም ቢሆን ከአቧራና ከክር ብናኝ ጋር ተደባልቆ ለዓመታት ከቆመ መወፈሩ አይቀርም።

በጫማ ሰፊ መኪና ላይ ደግሞ ሰም ይጨመራል። ክሩ በሰም ይታሻል፤ ሰሙ በመርፌው ዘንግ ውስጥና በመወርወሪያው ዙሪያ ከቆዳ ብናኝ ጋር እየተጋገረ ይጠራቀማል። ይህ ግን ጥሩ ዜና ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ስለዚህ በሰም የተያዘ ክፍል ከሁሉም በቀላሉ የሚፈታ ነው።

ዝገት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ዝገት ከበላው ብረት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ገደማ ቦታ ይይዛል። በዘንግና በማረፊያው መካከል ያለው ክፍተት ግን በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። እርጥብ ወለል ላይ በክረምት የከረመ መኪና ውስጥ ዝገቱ ያቺን ክፍተት ሞልቶ እንደ ሽብልቅ ሁለቱን ብረቶች ይወጥራል። እንቅፋት የምለው የቀረውን ሁሉ ነው፤ መወርወሪያው ውስጥ የተጠመጠመ ክር፣ የተሰበረ የመርፌ ቁራጭ፣ የጎበጠ ዘንግ፣ ወይም ጨርሶ ያልተፈታ ብሎን።

እንዴት ይለያሉ? በእጅ። መዘውሩን በሁለት ጣት ብቻ ይዘው ወደፊትም ወደኋላም ቀስ አድርገው ይሞክሩት። ጥቂት በነፃነት ሄዶ ድንገት ቋ ብሎ ከቆመና ወደኋላም ሲመልሱት እንዲሁ ከሆነ ብረት ከብረት ጋር እየተጋጨ ነው፤ እንቅፋት አለ። በጣም እየከበደ፣ ሲለቁትም ባለበት እየቀረ የሚንፏቀቅ ከሆነ ዘይቱ ደርቋል። ወደየትም አቅጣጫ ፀጉር ታህል እንኳ ካልተንቀሳቀሰ ዝገት ወይም ፈጽሞ የጠነከረ ዘይት ነው። ከዚህ ሙከራ በፊት ግን ቺንጋውን ያውልቁ። መኪናው ጤነኛ ሆኖ የተያዘው የእግር መርገጫው ሊሆን ይችላልና። መርፌውን ያውጡ፣ እግሩን ያንሱ፣ መወርወሪያውን ከነክሩ ያውጡ፤ አልወጣ ካለም ለጊዜው ይተዉት። ከዚያ ማያያዣዎችን አንድ በአንድ እየፈቱ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መሞከር ነው። አንዱ ብሎን ተፈትቶ መዘውሩ በድንገት ነፃ ከሆነ የሚፈልጉት ጥፋት ከዚያ ብሎን ወዲያ ነው። ግማሹ ጥገና በዚህ ያልቃል። ሳይፈቱ በፊት ፎቶ ማንሳት፣ ብሎኖቹንም በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ እየሰኩ ማስቀመጥ በኋላ ብዙ ራስ ምታት ያድናል።

ለደረቀ ዘይት የመጀመሪያው መድኃኒት ነጭ ጋዝ ነው። ሲንጀር ራሱ ለገዢዎቹ ባሳተማቸው መመሪያዎች ውስጥ ቆሞ የከበደ መኪና ነጭ ጋዝ ጠብ ተደርጎበት በፍጥነት እንዲሽከረከር፣ ከዚያ ተጠርጎ እንደገና ዘይት እንዲቀባ ያዝዛል። ነጭ ጋዝ ቀጭን ስለሆነ ጠባብ ቦታ ውስጥ ይሰርጋል፤ ያልደረቀውን ዘይት ያሟሟዋል፣ የደረቀውንም ያላላዋል። ከማፍሰስ በፊት የዘይት ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ይክፈቷቸው፤ አብዛኞቹ በብናኝ የተደፈኑ ናቸው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጠብታ ይጨምሩ፣ ሁለት ብረት በሚገናኝበት መስመር ሁሉ ላይ ይጨምሩ፣ ይተዉት። ማታ፣ ጠዋት፣ ማታ። መኪናውን በጎኑና በጀርባው እያጋደሙ ፈሳሹ በክብደቱ ወደ ውስጥ እንዲወርድ ማድረግ ሥራውን ያፋጥነዋል። ትዕግሥት የማይችል ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል፤ ከልቤ ነው የምለው።

ነጭ ጋዝ ብቻውን ካልበቃ ሙቀት ይታከልበት። ሙቀት ሁለት ነገር ያደርጋል። የደረቀውን ዘይት ያለሰልሳል፣ ብረቱንም ያሰፋል። አንድ ሜትር ጊዛ በእያንዳንዱ ዲግሪ 11 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በዚህ ስሌት ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ 100 ዲግሪ ሲሞቅ 0.0275 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የዘንጉ ክፍተት ራሱ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ዋናው ነገር ውጪኛውን ክፍል ማሞቅና ውስጠኛውን ዘንግ አለማሞቅ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከሞቁ አብረው ይሰፋሉ፣ ትርፉም ይጠፋል። ለዚህ የፀጉር ማድረቂያ ወይም ቀለም ለመላጥ የሚያገለግለው የሞቀ አየር መንፊያ ይበቃል። የበያጅ ነበልባል ግን አይቅረብ። ጥቁሩ የሲንጀር ቀለም ሬንጅ መሰል ነገር ተቀብቶ በምድጃ የተጋገረ ነው፤ ነበልባል ያነፍረዋል፣ ጊዛውንም በአንድ ቦታ ብቻ ስለሚያግለው ይሰነጥቀዋል።

ዝገት ሲሆን ሠርጎ ገብ ዘይት ያስፈልጋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ። ብዙ ጠጋኞች ግን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ደባልቀው ይጠቀማሉ። ሁለቱ ቆመው አይዋሃዱም፤ በየጊዜው መናጥ አለባቸው። አሴቶኑ ድብልቁን አቅጥኖ ወደ ውስጥ ያደርሰውና ይተናል፤ ዘይቱ እዚያ ይቀራል። ፈሳሹን ጨምሮ መቀመጥ ብቻ ግን አይበቃም። ከወይራ እንጨት ወይም ከነሐስ የተቆረጠ በትር ዘንጉ ጫፍ ላይ አስደግፎ በትንሽ መዶሻ ደጋግሞ መታ መታ ማድረግ ዝገቱን በውስጡ ይሰነጣጥቀዋል፤ ፈሳሹም በስንጥቁ ይገባል። መቶ ቀላል ምት ከአንድ ከባድ ምት ይሻላል። አሴቶንም ሆነ አልኮል ወርቃማው ጌጥ ላይ የተቀባውን መከላከያ ያሟሙታል፤ ስለዚህ ጌጡ ካለበት ቦታ መራቅ ነው። ከሁሉ በላይ ግን እሳት። አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል፣ ቤንዚን ከዚያም ያነሰ ሙቀት ይበቃዋል። የከሰል ምድጃ ወይም ሲጋራ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህ ሥራ አይሠራም። በዘይት የራሱ ጨርቆችም ተጨብጠው አይጣሉ። የሚደርቅ ዘይት፣ በተለይ ተልባ፣ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተከመረ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል።

አሁን ወደ ብሎን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሲንጀር የብሎኖቹን ልክ የወሰነው በራሱ መንገድ ነበር። በአሮጌ ሲንጀሮች ላይ ከሚበዙት አንዱ ውፍረቱ የኢንች 11/64፣ ጥምዙም በአንድ ኢንች 40 ነው። ይህ ወደ 4.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከገበያው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ብሎን ይወፍራል፣ ከባለ 5 ይቀጥናል። ባለ 4ቱ ይላላል። ባለ 5ቱን በግድ የሚያስገባ ሰው የጊዛውን ጥምዝ ቆርጦ ይጥለዋል። የሰበሩትን ብሎን የሚተካ የሚገኘው ከሌላ አሮጌ ሲንጀር ላይ ነው፤ ለዚህም ምናለሽ ተራ ወርዶ የተጣሉ መኪናዎችን ማገላበጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ብሎን እንደማይተካ ተቆጥሮ ይያዝ።

ብሎን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በካቻቢቴው ጥፋት ነው። የሲንጀር ብሎን አናት ላይ ያለው ቦይ ጠባብና ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ተራ ካቻቢቴ ግን ጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ ቦዩ ውስጥ እስከ ታች አይገባም፤ ሲያዞሩት ተንሸራትቶ ይወጣል፣ የቦዩንም ጠርዝ ይልጠዋል። ስለዚህ የካቻቢቴውን ጫፍ በሞረድ አስተካክሎ ሁለቱ ፊቶች ትይዩ ሆነው ቦዩን ከዳር እስከ ዳር እንዲሞሉ ማድረግ የግድ ነው። ቦዩ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ በመርፌ ጠርገው ያውጡ። ካቻቢቴውን አስቀምጠው እጀታውን በመዶሻ ሁለት ሦስቴ ይምቱት። ከዚያ ከመፍታት በፊት ለማጥበቅ ይሞክሩ፤ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት። ወደ ማጥበቂያው የሚደረግ ትንሽ ንቅናቄ የዝገቱን ቅርፊት ይሰብረዋል፣ የብሎኑንም ጥምዝ ከአዲስ ወገን ያሳርፈዋል። ከዚያ ወደ መፍቻው። ከተንቀሳቀሰ በኋላም ሩብ ዙር ወጣ፣ ትንሽ መለስ፣ ዘይት፣ እንደገና ወጣ።

እምቢ ካለ ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበትን ጫፈ ሹል የኤሌክትሪክ ብረት ብሎኑ አናት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፉት። ቀደም ብዬ ውጪኛውን እናሙቅ ብያለሁ፤ እዚህ የምናሞቀው ውስጠኛውን ነው። ብሎኑ ሰፍቶ በዙሪያው ያለውን ዝገት ይጨፈልቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ በመካከሉ የተፈጠረው ክፍተትም ዘይቱን ይስባል። ሙቀቱም አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ቀለሙ አይጎዳም። ከምወዳቸው ዘዴዎች አንዱ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ምንም አይሰብርም።

አንዳንዴ ደግሞ ብሎን ተፈትቶ ዘንጉ አሁንም እምቢ ይላል። ያኔ ባትሪ አብርተው ቀዳዳውን ይመልከቱ፤ ከወጣው ብሎን በታች ሌላ ብሎን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አንዱ ዘንጉን ይይዛል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይቆልፋል። ዘንግና መያዣውን ያስተሳሰረው ፒን ከሆነ ደግሞ ፒኑ ሾጠጥ ያለ መሆኑን ያስታውሱ፤ የተለመደው ልክ በየ48 ሚሊ ሜትሩ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሚቀንስ ነው። በአጭር ፒን ላይ ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ በካሊፐር ሁለቱን ጫፍ ለክቶ ከቀጭኑ ወገን መምታት ነው። ከወፍራሙ ወገን የተመታ ፒን በእያንዳንዱ ምት ይበልጥ ይጠብቃል።

በ29ኬው ላይ ሥራውን ከላይ ወደ ታች መሥራት ይሻላል። የሚዞረውን ራስ በሙቅ አየር አሙቀው፣ ክብ በሆነው መገጣጠሚያው ዙሪያውን ነጭ ጋዝ ያጠጡት፤ የሚቆልፈው ነገር መለቀቁን አረጋግጠው በእጅ ብቻ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት። ፒንሳ እዚህ አያስፈልግም። የመርፌው ዘንግ ውስጡ በሰም ከተደፈነ በሙቀት አቅልጦ በሽቦና በጨርቅ መጥረግ ነው። ክንዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለጥርሱ ዘንግ የሚሄድበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ የከረመው ብናኝ ሁሉ እዚያ ተከማችቷል፤ የሚሸፍነውን ነገር አንስቶ ዝቃጩን በእንጨት ስንጥር መጫር፣ ጥርሶቹንም በጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ማሸት ይገባል። መወርወሪያው እስኪፈታ ድረስ መዘውሩን በፍጹም አይግፉ። መጀመሪያ ላይ ያሰላነው 240 ኪሎ የሚያርፈው በዚያች ትንሽ ማርሽ ላይ ነው። ይልቅ መወርወሪያውን አሙቀው፣ ሰሙ ሲለሰልስ ክሩን በመቀስ ጫፍ እየቆራረጡ በወረንጦ ያውጡት።

ትናንሽ የዛጉ ክፍሎች ከመኪናው ከወጡ በኋላ ኮምጣጤ ውስጥ አድረው በብሩሽ ሊጸዱ ይችላሉ። ስፕሪንግና የጠነከረ ብረት ግን ኮምጣጤ ውስጥ አይግቡ፤ አሲዱ ከብረት ጋር ሲሠራ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ዘልቆ ተሰባሪ ያደርገዋል። ከኮምጣጤ የወጣውም በሶዳ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ደርቆ ዘይት መቀባት አለበት፤ ያለበለዚያ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋል።

መዘውሩ መዞር ሲጀምር ሥራው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ነጭ ጋዝ ያላላው ቫርኒሽ ገና ውስጥ ነው፤ ነጭ ጋዙ ሲተን ተመልሶ ይይዛል። ለዚህ ነው ማታ እንደ ልብ ሲዞር የነበረ መኪና በማግሥቱ ጠዋት ተጣብቆ የሚገኘው። መድኃኒቱ ከሥር ጨርቅ ዘርግቶ፣ መኪናውን ያለ ክር እያዞሩ ነጭ ጋዝ መጨመርና የሚወርደው ፈሳሽ ቡናማ መሆኑን እስኪተው መቀጠል ነው። ከዚያ በየቀዳዳው የመኪና ዘይት ይገባል፤ ነጭ ጋዝ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም፣ በነጭ ጋዝ ብቻ የተሠራበት ዘንግ ይበላል። ብሎኖቹ ሲመለሱ ጥምዛቸው ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ይደረግ፤ ከዚህ በኋላ የሚፈታቸው ሰው እንዳይቸገር። አድሮ በማግሥቱ በሁለት ጣት የሚዞር ከሆነ ቺንጋው ይገጠም፣ ቁራጭ ቆዳ ላይም ያለ ክር ይሞከር፤ የመርፌው ቀዳዳዎች እኩል ርቀት ካላቸው እግሩ በትክክል እየተራመደ ነው ማለት ነው። ክር ማስገባትና ውጥረቱን ማስተካከል የሚቀጥለው ምዕራፍ ጉዳይ ነው።